አምባ ምንድን ነው? ከግሸን እስከ መቅደላ

ተራራ ሁሉ አምባ አይደለም። እኛ ደሴዎች ጠዋት በር ከፍተን የምናየው ጦሳ ግርማ ሞገስ አለው፤ አምባ ብሎ የሚጠራው ግን የለም። አምባ ለመባል አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል መሆን አለበት። ጥንት እሳተ ገሞራ ደራርቦ ያነጠፈውን ድንጋይ ወንዞች ዙሪያውን ሲበሉት መሀል ላይ ተርፎ የቀረው ነው። አናቱ ላይ ውሃና የሚታረስ መሬት ካለ ደግሞ ምሽግ ሆነ በቃ። ለሰው የሚቀረው በሩን መጠበቅ ነው።

ግሸንን ታውቁታላችሁ፤ ለመስከረም 21 ከደሴ መናኸሪያ መኪና የሚጠፋው በእሷ ምክንያት ነው። ያቺ መስቀል መሳይ አምባ በአንድ ወቅት የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩባት ነበረች። ገደል እኮ መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም ይከለክላል።

መቅደላም እንደዚያው ነበር። አጼ ቴዎድሮስ መሣሪያቸውንም፣ ንብረታቸውንም፣ እስረኞቻቸውንም እዚያ ሰበሰቡ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም አምልጠው ሸዋ የገቡት ከዚሁ አምባ ነው። አጠገቡ ፋላና ሥላሴ የሚባሉ ከፍታዎች አሉ፣ ስለዚህ ጠላት መቅደላ ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ በእነሱ ማለፍ አለበት። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ንጉሡ መንገድ እያስቆፈሩ፣ የበሽሎን ገደል አስወርደው አስወጥተው፣ ወራት ፈጅተው ያመጡት እዚህ ነው። ዛሬም እዚያው ተቀምጧል።

ታዲያ እንዲህ ያለ አምባ እንዴት ተያዘ? እኔን ብትጠይቁኝ ነገሩ ያለቀው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም ነው። ያን ቀን የቴዎድሮስ ጦር ከአምባው ወርዶ እሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዝን ጠመንጃና ሮኬት ገጠመ፤ በጥቂት ሰዓት አለቀ። ከዚያ በኋላ ገደል ቢኖር ማን ይጠብቀዋል?

ሚያዝያ 6 የእንግሊዙ ጦር አዛዥ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች በሩ ድረስ መጡ። በሩ ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኗል፤ የሚያፈርሱት መሐንዲሶች ደግሞ ባሩዱን ረስተው መጥተዋል! አንድ ሁለቱ ከጎን ባለው ግንብና እሾህ አጥር ላይ ተንጠላጥለው ዘለሉ፣ ሌላው ተከተለ። ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች ከመሄዳቸው በፊት በሮቹን በባሩድ አፈረሱ፣ ቤቶቹን አቃጠሉ። ስለዚህ በኩታበር አድርጋችሁ ወደ መቅደላ ለመሄድ ካሰባችሁ ቤተ መንግሥት አትጠብቁ፣ የምታዩት ሴባስቶፖልንና ገደሉን ነው።