ላፕቶፕን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ማስነሳት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተጠቃሚ

ላፕቶፕ ሲበራ የግድ ሆዱ ውስጥ ካለው ዲስክ መነሳት የለበትም። በዩኤስቢ ከጎኑ ከተሰካ ኤክስተርናል ዲስክም ይነሳል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ፕሮግራሞቹና ፋይሎቹ ውጭ ባለው ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ላፕቶፑ የሚያዋጣው ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ነው። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩት የራስ ዴስክቶፕ እንዳለ እዚያም ይከፈታል። በነፃ በሚገኘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሊኑክስ ላይ እንደዚያ ነው። ዊንዶውስ ግን ጣጣ አለበት።

ወሎ ውስጥ ሰው ወደዚህ ዘዴ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ተቸግሮ ነው። ወይ የላፕቶፑ ዲስክ ይሞታል፣ ወይ ኮምፒውተሩ የጋራ ይሆናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ደሴ ቤተሰቡ ጋ አሮጌ ዴል ያለው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የዶርም ጓደኛውን ኤችፒ የሚዋስ ተማሪ፣ አንዱንም ፎርማት ሳያደርግ ሲስተሙን ቦርሳው ውስጥ ይዞ መመላለስ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ኮምፒውተሮችና የላብራቶሪ ዕቃዎች ተዘርፈውባቸዋል፣ ወድመውባቸዋል። አንድ ማሽን ለሁለትና ለሦስት መጠቀም እዚህ አካባቢ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

ማስነሻው

ማሽኑ ሲበራ ቀድማ የምትሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ሶፍትዌር ናት። በድሮዎቹ ላፕቶፖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ትባላለች። ከየትኛው ዲስክ እንደሚጀመር የምትወስነው እሷ ናት። የቡት ሜኑ ቁልፍ ሲጫን ምርጫውን ለእኛ ትተዋለች። ቁልፉ እንደ ኩባንያው ይለያያል። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፤ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ12 ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መፍቀድ ያስፈልጋል። የኩባንያው ምልክት ስክሪኑ ላይ ሳይጠፋ ቁልፉን ደጋግሞ መምታት ነው። ካመለጠ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

በዩኢኤፍአይ መንገድ የተጫነ ዲስክ በድሮው ባዮስ ብቻ በሚሠራ ማሽን ላይ አይነሳም። የተዋሳችሁት ላፕቶፕ አዲስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቀው ዲስካቸው በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ተቆልፎ ነው የሚመጡት። ሰኪዩር ቡትን፣ ማለትም ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ ለማጥፋት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ከነካካችሁ፣ ባለቤቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፍተው ባለ 48 አሃዝ የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ነው። የይለፍ ቃሉን ከረሳ ጭንቅ ነው። የሰው ዕቃ ላይ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

ፍጥነቱ

ላፕቶፑ ኮር አይ7 ቢሆንም፣ ዲስኩ ወይም ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ደካማ ከሆነ ትርፉ መጠበቅ ነው።

ከቀዳዳው እንጀምር። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ያሳልፋል፤ በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ብታገኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ግን እስከ 5 ጊጋቢት ይደርሳል። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ውስጡ ሰማያዊ ፕላስቲክ ያለው ቀዳዳ እሱ ነው። ሁለቱም ካሉ ዲስኩን ሰማያዊው ላይ ሰክታችሁ፣ ማውሱን ለሌላው ተዉለት።

ቀጥሎ ዲስኩ። ኪስ ውስጥ የሚገባው የተለመደው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንባቢው ጫፍ ደግሞ ከቦታ ቦታ መዝለል አለበት። ስለዚህ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ አይሞላለትም። ይኸው ዲስክ ፊልም ሲገለበጥበት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ሊሄድ ይችላል፤ ፊልም የተደረደረ አንድ ትልቅ ፋይል ነውና። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲነሳ ግን የሚነበበው በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው። ዲስኩ ሰኞ ገበያ ገብቶ ለእያንዳንዷ ቅመም አዲስ ተራ እንደሚዞር ሰው ይሆናል። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም።

በእኔ ግምት፣ የሚሽከረከር ኤክስተርናል ላይ ዊንዶውስ 10 ጭኖ የዕለት ሥራ መሥራት ራስን መቅጣት ነው። ቀለል ያለ ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ሚንት ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ጋር፣ ይቻላል፤ ሲነሳ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከተነሳ በኋላ ቢሮ ነክ ሥራ ያሠራል። ለቋሚ አገልግሎት የሚያዋጣው 128 ወይም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በዩኤስቢ 3.0 ኬዝ (ዲስኩን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ሽፋን) ውስጥ አስገብቶ መጠቀም ነው። ልዩነቱ ማሽኑ በተነሳበት ቅጽበት ይታያል። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ለሆነ ላፕቶፕ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል። ራም ሲሞላ ሲስተሙ ትርፉን ዲስክ ላይ ስለሚያራግፍ፣ ዲስኩ ቀርፋፋ ከሆነ ማውሱ ሳይቀር ቀጥ ይላል።

ዊንዶውስ ሲሆን

ማይክሮሶፍት ይህን ነገር ራሱ ሞክሮ ትቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ለድርጅቶች ‹ዊንዶውስ ቱ ጎ› የሚባል ነገር አውጥቶ ነበር። በ2020 በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ላይ አስቀረው። በጎ ጎን ነበረው። ገመዱ በድንገት ከተነቀለ ማሽኑ ለ60 ሰከንድ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ እዚያው ቀዳዳ ላይ ከተመለሰ ሥራው ይቀጥላል። የዛሬው የዊንዶውስ ጫኝ ግን ዩኤስቢ ዲስክ ሲመረጥለት እዚህ ላይ አልጫንም ብሎ ይመልሳል። ሰዎች የሚያልፉት እንደ ሩፉስና ዊንቱዩኤስቢ ባሉ ፕሮግራሞች ነው። ይሠራሉ። ግን የዊንዶውስ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲሄድ ‹አክቲቬት አድርግ› የሚለው ጽሑፍ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ጥገና ቤት አካባቢ የሚያጋጥም አንድ ጉዳይ አለ። የላፕቶፑ ማዘርቦርድ ይቃጠላል፣ ዲስኩ ግን ደህና ነው። ባለሙያው ይፈታውና ኬዝ ውስጥ ከቶ ለባለቤቱ ያስረክባል። ፋይሉን ለማውጣት ጥሩ ነው። ባለቤቱ ግን ዊንዶውሱም እንዳለ ይነሳልኛል ብሎ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲሞክረው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ይወጣበታል። ያ ዊንዶውስ የተጫነው በሳታ፣ ማለትም በላፕቶፑ ውስጥ ባለው የዲስክ መስመር፣ ለመነሳት ነው፤ በዩኤስቢ ሲመጣበት ገና በጅምሩ የራሱን ዲስክ ያጣዋል። ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ አያሟላም። ሊኑክስን በኤክስተርናል መሞከር አሁን የበለጠ ትርጉም የሚሰጠው ለዚህ ነው። የነበረው ሳይነካ አዲሱን ማየት ይቻላል።

ሊኑክስ ሲሆን

ሊኑክስ ለጉዞ የተመቸ ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮች አብረውት ስለሚመጡ ማሽን ሲቀየር ራሱን ያስተካክላል። አጫጫኑም ቀላል ነው፤ በፍላሽ ተነስቶ፣ ኤክስተርናሉን መርጦ መጫን። ወጥመዱ አንድ ነው፤ ብዙ ሰውም ይወድቅበታል። የኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ጫኝ ሲስተሙን በታዘዘው መሠረት ኤክስተርናሉ ላይ ያስቀምጥና፣ ማስነሻውን ማለትም ግሩብን የላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ያኔ ሁለት ነገር ይበላሻል። ኤክስተርናሉ ሌላ ማሽን ላይ አልነሳም ይላል። ኤክስተርናሉ የተነቀለበት ላፕቶፕ ደግሞ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ‹ግሩብ› የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳይቶ ሊቆም ይችላል። ላፕቶፑ የጓደኛ ከሆነ ምን እንደሚመጣ ገምቱት።

መፍትሔው በጭነቱ ሰዓት የውስጡ ዲስክ እንዳይታይ ማድረግ ነው። ባዮስ ውስጥ ማጥፊያ ካለ በእሱ፤ ከሌለ ኃይሉን አጥፍቶ፣ ባትሪውን አላቅቆ፣ ዲስኩን መፍታት። ከሁሉ የሚመቸው ግን የውስጥ ዲስኩ የሞተበት ላፕቶፕ ላይ መጫን ነው። ግሩብ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ማስነሻው ኤክስተርናሉ ላይ ያርፋል። አልቆለታል የተባለ ማሽን ለዚህ ሥራ አንደኛ ይሆናል ማለት ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ፍላሽ በሾርትከት ቫይረስ ተመትቶ ፎልደሮቹ ሲጠፉ፣ በሊኑክስ ከተከፈተ ተደብቀው ያሉት ፋይሎች ይታያሉ። ቫይረሱ የዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይንቀሳቀስም።

ትንንሾቹ ጣጣዎች

ሰዓቱ ይዛባል። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ይሞላል፤ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ ሊኑክስ ተጠቅማችሁ የመለሳችሁት ላፕቶፕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገና ከንጋቱ 12 ነው ይላል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያርማል። ኢንተርኔት ከሌለ እንደተዛባ ይቆያል። ሊኑክሱን በአገር ሰዓት እንዲሞላ ማዘዝ ይገላግላል።

መብራት ሲሄድ ትንሹ ኤክስተርናል ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚመገብ ይቀጥላል። የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን ወዲያው ይጠፋል፤ ሲስተሙም አብሮ። ለዚህ ሥራ አይሆንም። ትንሹም ቢሆን ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ 500 ሚሊአምፒር ብቻ ስለሚሰጠው አንዳንዴ አይበቃውም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ አልነሳም ካለ ኃይል አጥሮት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ይረዳል።

የሚሽከረከር ዲስክ እየሠራ መነቅነቅ አይወድም። ሐረጎን ሲወርዱ ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ከፍቶ መሥራት ዲስኩን መሰናበት ነው። ከፍታም ወሰን አለው። አንባቢው ጫፍ የሚንሳፈፈው በስስ አየር ላይ ስለሆነ፣ አምራቾች ለተለመደው ዲስክ የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደሴና ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ አያሰጋም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ላይ ለጥናት የሚወጣ ሰው ግን ኤስኤስዲ ይያዝ።

አማርኛ መጻፍ አይቸግርም። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ግን የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከሴቲንግ ውስጥ መጨመር ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይታያል። የፎንቱን ፋይል ከዊንዶውሱ ገልብጦ ኤክስተርናሉ ላይ መጫን ያስተካክለዋል።