ከሚኒዲስክ ወደ ሚኒዲስክ መገልበጥ ምንድን ነው?

ሚኒዲስክን አይቶ ፍሎፒ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም። የፕላስቲክ ልባስ አለው፣ ተንሸራታች መዝጊያ አለው፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ያለችው ግን 64 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የድምፅ ዲስክ ናት። ሶኒ ለገበያ ያቀረባት በፈረንጆቹ 1992 ነው። እንደ ዓይነቷ 60፣ 74 ወይም 80 ደቂቃ ትይዛለች። በሞኖ ከተቀዳ እጥፉን።

ባለ ሁለት ዴክ መቅጃ ማለት ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን የሚቀበል ማሽን ነው። አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። በባለ ሁለት ቴፕ ካሴት የገለበጠ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በአብዛኛው የ74 ደቂቃ ዲስክ ለመገልበጥም 74 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ካሴት ላይ የሌሉ ነገሮች ግን አሉ፤ ሰው የሚቸገረው በእነሱ ነው።

ጎንደር ቤታችን ውስጥ አጎቴ ለጥምቀት ከውጭ መጥቶ በማይክ የቀዳቸው ዲስኮች አሉ። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ የተሰማው ወረብ አለ፣ ማታ ማታ የተቀዳ ማሲንቆም አለ። ዘመድ በመጣ ቁጥር «እስኪ ለእኔም ገልብጥልኝ ልጄ» ይባላል። እኔም በደስታ እገለብጣለሁ። እነዚህን ድምፆች አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ዲስኩን ማየት ነው። ባዶ ሆኖ የተሸጠ ዲስክ መዝጊያው ሲገፋ ከላይም ከሥርም ይከፈታል። ቀረጻው የሁለት ወገን ሥራ ስለሆነ ነው። ከሥር ሌዘሩ አንዲት ነጥብ እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያሞቃል። ከላይ ማግኔቱ አቅጣጫ ይሰጣታል። ነጥቧ ስትቀዘቅዝ ያንኑ ይዛ ትቀራለች። ሙዚቃ ተሞልቶበት ከፋብሪካ የወጣ ዲስክ ግን ከሥር ብቻ ነው የሚከፈተው። ይነበባል እንጂ አይቀዳበትም። ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያም አትርሷት። ዋናውን ዲስክ ወደ ዴኩ ከማስገባታችሁ በፊት ቆልፉት። ሁለቱን ዲስኮች በስህተት አቀያይሮ ማስገባት በጣም ቀላል ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ማውጫው ነው። ዲስኩ ላይ ከድምፁ ሌላ የትኛው ትራክ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ የተጻፈበት ቦታ አለ። ቲኦሲ ይባላል። ማጫወቻው የሚሄደው በእሱ ነው። ድምፁ ዲስኩ ላይ ቢኖር እንኳ ማውጫው ላይ ካልተጻፈ ለማሽኑ የለም። መቅጃው ደግሞ ማውጫውን እየቀዳ አይጽፍም። ቀረጻው ካለቀ በኋላ፣ ብዙዎቹ ዴኮች ላይ ዲስኩን ስታስወጡ ወይም ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ ስታጠፉ ነው የሚጽፈው። እስከዚያ ስክሪኑ ላይ ቲኦሲ የሚል ምልክት ይታያል።

በዚህ መሃል መብራት እልም ቢል ያ ሁሉ ደቂቃ የተቀዳው ሊጠፋ ይችላል። እኛ አገር ይህ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። ስለዚህ ቅጂው እንዳለቀ ቡና ልጠጣ ብሎ መነሣት የለም። ዲስኩን አስወጡት፣ ማሽኑ ጽፎ ይጨርስ፣ መልሳችሁ አስገቡና የትራኩን ብዛት እዩ። ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ያለው ሰው ዴኩን እሱ ላይ ቢሰካው ጥሩ ነው። ስታብላይዘር ለዚህ አይረዳም።

ሁለተኛው መሰናክል ኤስሲኤምኤስ ይባላል። ቅጂ እንዳይባዛ የገባ ቁጥጥር ነው። ከድምፁ ጋር አብሮ የሚሄድ ምልክት አለ፤ መቅጃው አይቶት ይፈቅዳል ወይም እምቢ ይላል። በማይክ ከተቀዳ ዲስክ በዲጂታል መገልበጥ ይቻላል። ከዚያ ቅጂ ሌላ ቅጂ ማውጣት ግን አይቻልም። ከሲዲ በዲጂታል የተቀዳ ዲስክ ደግሞ ራሱ ቅጂ ስለሆነ ከመጀመሪያውም አይሄድም። ማሽኑ የተበላሸ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። አክስቴ ቤት የሄደውን ቅጂ ለልጇ ልገልብጥ ብል እምቢ ይላል። ከአጎቴ ዲስክ ከሆነ ግን ያለምንም ችግር ይሄዳል። ለዚህ ነው ዋናው ዲስክ ከቤት የማይወጣው።

ቁጥጥሩ ዲጂታሉን እንጂ አናሎጉን አይመለከትም። የራሳችሁ ቀረጻ ከሆነ በቀይና ነጭ ገመድ ከአንድ ማጫወቻ ወደ ሌላ መቅጃ መገልበጥ ይቻላል። ያኔ ግን ማሽኑ ትራክ የሚከፍለው ጸጥታ እየፈለገ ነው። ወረብ ደግሞ እንደ ዘፈን አልበም በየመሃሉ ዝም አይልም፤ አንድ ረጅም ትራክ ሆኖ ይመጣል። በኋላ በእጅ መክፈል ነው። የትራኩን ስም ከጻፋችሁም ግዕዝ አይቀበልም፤ በላቲን ፊደል ነው።

ስለ ድምፁ ጥራትም ልንገራችሁ። ሚኒዲስክ አትራክ በሚባል ዘዴ ድምፁን ወደ ሲዲ አንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምቀዋል። ጆሮ አይለየውም ያለውን ይጥላል። በሚገለበጥበት ጊዜ ድምፁ ተፈትቶ እንደገና ከተጨመቀ፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። አንድ ዙር ብዙም አያሳስብም። ቅጂ ከቅጂ እየተቀዳ ሲሄድ ግን በእኔ ጆሮ መጀመሪያ የሚጎዳው ጸናጽል ነው። ከበሮው ደህና ይመስላል፤ የጸናጽሉ ጥርት ያለ አወራረድ ግን ይደበዝዛል። በአቋቋም በምትታወቅ ከተማ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሶኒ ባዶ ሚኒዲስክ ማምረቱን በ2025 የካቲት ወር ላይ አቁሟል። ያላችሁን ባዶ ዲስክ በማይደገሙ ቀረጻዎች ላይ አውሉት። ጎን ለጎን ወደ ኮምፒውተር ማስገባትም አለ። ሶኒ በ2006 ያወጣው ኤምዜድ-አርኤች1 የድሮ ዲስኮችን በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር ያስተላልፋል፤ ድምፁ ተጫውቶ እስኪያልቅ መጠበቅም አያስፈልግም። እሱ ካልተገኘ የዴኩን የኦፕቲካል መውጫ፣ ማለትም ድምፁን በዲጂታል በብርሃን ገመድ የሚያወጣውን፣ መጠቀም ነው። ቅደም ተከተሉን ከጠየቃችሁኝ፣ በማይክ የተቀዱት ዲስኮች ይቅደሙ። ከሲዲ የተቀዳው ሌላ ቦታ ይገኛል።