«ካሜራ መክፈት ይበቃል» ለሚሉ፦ ስለ «የብስክሌት ሌቦች» የሚነገሩ ስሕተቶች

የሠራተኛውን ሕይወት እንዳለ የሚያሳይ ፊልም በተነሣ ቁጥር ተማሪዎቼ ያንኑ ነገር ይደግሙልኛል፦ «እንዲህ ያለ ፊልም ድርሰት አይፈልግም፤ ካሜራውን ሰው መሀል መክፈት ይበቃል።» ምስክር አድርገው የሚጠሩትም ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራውን የጣሊያን ፊልም «የብስክሌት ሌቦች»ን ነው። በፊልሙ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሮም ውስጥ ሥራ ፈትቶ የቆየ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ባገኘ በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱን ይሰረቅና ከትንሽ ልጁ ጋር ሲፈልገው ይውላል።

ይህ ፊልም ግን በእነርሱ ላይ ነው የሚመሰክረው። ቼዛሬ ዛቫቲኒን ጨምሮ በርካታ ጸሐፍት ከሉዊጂ ባርቶሊኒ ልብ ወለድ ተነሥተው ጽፈውታል። ሚስቲቱ ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላዎቿን ስታስይዝ፣ የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ይዞ የሌሎች ቤተሰቦች አንሶላ እስከ ጣሪያው በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከተማው ምን ያህል እንደተቸገረ ማንም ሳይናገር እናያለን። ካሜራ ስለተከፈተ ብቻ እንዲህ ያለ ትዕይንት አይገኝም።

ተዋንያኑ ራሳቸውን ተጫወቱ የሚባለውም ስሕተት ነው፤ አባት ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ፖስተር ለጣፊ አልነበረም፣ እናቲቱን የተጫወተችው ሊያኔላ ካሬል ደግሞ ጋዜጠኛ ነበረች። ርዕሱን «የብስክሌት ሌባ» የሚሉም አሉ፤ የጣሊያንኛው ርዕስ ብዙ ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ አባትየው ራሱ ለመስረቅ ይሞክራል።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ መርካቶ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ባለጋሪዎችን ቀርጾ አመጣልኝ። ፊታቸውም ላባቸውም እውነት ነበር፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ምን እንደሚፈልግ፣ እስከ ምሽት ካላገኘውም ምን እንደሚያጣ የሚያሳይ አንድም ትዕይንት አልነበረም። ካሜራውን ትቶ እንዲመለስ፣ ከአንዱ ጋር ምሳ እንዲበላ፣ ገቢና ወጪውን እየጠየቀ በደብተር እንዲጽፍ ነገርሁት። እንዲህ ያለ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ ከዚህ ይጀምር፤ የሚቀርጸው ሰው ምን እንደሚከፍል፣ ለማን እንደሚከፍል፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፍል ሳያውቅ ቀረጻ አይግባ። ልጁ ተመልሶ ሲመጣ ሰውየው ጋሪውን በቀን ኪራይ እንደሚይዝ፣ ኪራዩን ሳይከፍል ካመሸም ጋሪው በማግስቱ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አውቆ ነበር። አሁን የሚጽፈው ስለዚያ ኪራይ ነው።