የሠራተኛ ተነሳሽነት ምንድን ነው?

ሠራተኛው በሰዓቱ ይገባል፣ ፈርሞ ይወጣል፤ ሥራው ግን ፈቅ አይልም። በስብሰባ «እሺ» ከማለት በቀር የሚናገር የለም። ማሽኑ ሲንኳኳ የሰማው ሰው ለጥገና ክፍል ሳይነግር ሽፍቱን ጨርሶ ይሄዳል። እዚህ ቤት የጠፋው ተነሳሽነት ነው፦ አለቃ ቢያይም ባያይም ሥራን አሳምሮ ለመጨረስ የሚገፋ የውስጥ ፍላጎት። ሞራል የምንለው ደግሞ የቡድኑን የጋራ ስሜት ነው፤ ሁለቱ ይመጋገባሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን በሥራቸው ስላስደሰታቸውና ስላስከፋቸው ነገር ጠይቆ ነበር። ያስከፋቸው የድርጅቱ አሠራር፣ የቅርብ አለቃ፣ ደመወዝና የሥራ ቦታው ሁኔታ ነው። ያስደሰታቸው ግን ሌላ ነው፦ ያስገኙት ውጤት፣ ዕውቅና፣ ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነትና ዕድገት። የፊተኞቹን ማሟላት ቅሬታ ያበርዳል፤ ሰውን አያነሳሳም። የቤት ኪራይ የማይሸፍን ደመወዝ እየከፈሉ ስለ ዕውቅና ማውራት ግን ቀልድ ይሆናል፤ ስለዚህ መነሻው የደመወዝ መዝገብ ነው።

6,240 ብር የወር ደመወዝ ያላትን፣ በሳምንት 48 ሰዓት የምትሠራ የፋብሪካ ልብስ ሰፊ እንውሰድ። ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ስለሚሆን የሰዓት ክፍያዋ 30 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ 45 ብር ይሆናል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ 52.50 ብር። ሒሳብ ክፍሉ ሁሉንም በ45 ቢያስበው በሰዓት የሚጎድለው 7 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ብሩ ትንሽ ነው፤ ሰፊዋ ግን «ተበላሁ» ትላለች፣ ወሬውም እስከ ምሳ ሰዓት የስፌት መስመሩን ያዳርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ፣ የተባዛበት ቁጥርና ድምሩ ለየብቻ ይጻፉ። ቅሬታ የሚቀበል ሰው ተለይቶ ይታወቅ፤ መልሱም በ3 ቀን ውስጥ ይድረስ።

ቀጥሎ ዕውቅና። «በርቱ፣ ጎበዞች ናችሁ» ከአዳራሹ በር አያልፍም። «ትናንት ክሩ ሲላላ ማሽኑን አቁመሽ ስለተናገርሽ 40 ሸሚዝ ከመፈታት ዳነ» ማለት ግን የተሠራውንና ያስገኘውን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ይህ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ፣ ባልደረቦቿ እየሰሙ ይባል፤ እርማት ግን ለብቻ። ግምገማ የሚለው ቃል እኛ አገር ሰውን ገና ሲሰማው የሚያስደነግጠው በአደባባይ መወቃቀሻ ሆኖ ስለኖረ ነው።

ብዙ አለቆች የሚስቱት ኃላፊነት ላይ ነው። ጎበዙ ላይ የሰነፉን ሥራ ደርቦ መጫን ኃላፊነት መስጠት አይደለም፤ ቅጣት ነው፣ ሌሎቹም ሥራን አዝግሞ መሥራት እንደሚያዋጣ ይማሩበታል። ኃላፊነት ማለት የራሷን ሥራ ጥራት ራሷ እንድትፈትሽ፣ ጉድለት ስታይ መስመሩን እንድታስቆም፣ አዲስ ገቢ እንድታሠለጥን መፍቀድ ነው። ሥልጠናው የሚወስደው ሰዓት ከዕለት ኮታዋ ካልተቀነሰላት ግን ያው ጫና ነው።

ጉርሻም ይበላሻል። በተሰፋው ብዛት ብቻ ለየግል ከተከፈለ ጉድለቱ ወደሚቀጥለው ሰፊ ይተላለፋል፤ ስለዚህ መለኪያው መስመሩ በሙሉ ያለ እንከን ያስረከበው ቁጥር ይሁን፣ ወሩ ከመግባቱ በፊትም ይነገር። «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» በተራ የሚዞር ዕቁብ ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

ለውጡን ለማየት ከደመወዝ ማግስት የሚቀሩትን፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚለቁትንና ለእርማት የሚመለሰውን ዕቃ በየወሩ መቁጠር ይበቃል። መጠይቅ ማስሞላት ካስፈለገ ስም አይጻፍበት፤ ስም ካለው ሁሉም «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሳል።