የኤሌክትሪክ ዘርፍ ግዥና የካርቦን ልቀት በኢትዮጵያ

ዘላቂ ግዥ የሚባለው ዕቃ፣ ግንባታና አገልግሎት ሲገዛ ከዋጋና ከጥራት ጋር በምርት፣ በማጓጓዝ፣ በአገልግሎት ዘመንና በአወጋገድ ወቅት የሚለቀቀውን በካይ ጋዝ አብሮ የሚመዝን አሠራር ነው። በዓለም አቀፉ የልቀት አመዘጋገብ ከአቅራቢዎች የሚመጣው ልቀት «ስኮፕ 3» በተባለው ምድብ ውስጥ ይገባል። ነዳጅ አንድደው ኃይል በሚያመነጩ አገሮች ትልቁ ልቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚገኝ የካርቦኑ ሒሳብ በአብዛኛው የሚገኘው በተገዛው ሲሚንቶ፣ ብረትና ትራንስፎርመር ውስጥ ነው። ከግድብ ሐይቆች የሚወጣው ሚቴን የተባለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው አሁንም ያከራክራል።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ ሲያልቅ ካርቦን የግዥ ጉዳይ አልነበረም።

ዘርፉ ካያቸው ግዥዎች ሁሉ የሚልቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ነው። ሕዝቡ ቦንድ እየገዛ ያቆመው፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ወስዷል። ይህ ኮንክሪት እርጥበቱ አነስተኛ ሆኖ እንደ መንገድ በንጣፍ በንጣፍ ተደልድሎ ሮለር ስለሚመላለስበት ከተለመደው ኮንክሪት ያነሰ ሲሚንቶ ይበቃዋል። ቁጠባው ትልቅ ትርጉም አለው፤ የኖራ ድንጋይ በምድጃ ተቃጥሎ ወደ ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ ወደሚሆነው ጥሬ ነገር፣ ሲለወጥ፣ ምድጃው በምንም ይንደድ በምን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ከራሱ ይወጣልና፤ ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚገኘው ፑሚስ የተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀላቀልበት ፒፒሲ ሲሚንቶ፣ ኦፒሲ ከሚባለው ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ያነሰ ክሊንከር አለው። ለአጥርና ለግንብ ሥራ ሳይቀር የጨረታ ሰነድ በልማድ ኦፒሲ ሲጠይቅ፣ አገር ውስጥ ያለው መፍትሔ በአንድ መስመር ጽሑፍ ይቀራል።

በትራንስፎርመር ግዥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ትራንስፎርመር ቀንና ሌሊት ከመስመር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ማንም መብራት ባያበራ እንኳ የብረት እምብርቱ እየሞቀ ኃይል ያባክናል፤ ምሰሶው ሥር ለቆመ ሰው የሚሰማው እዝዝታም ከዚያው እምብርት የሚወጣ ነው። የአንደኛው ተጫራች ዕቃ ከሌላው 100 ዋት ብልጫ ቢያባክን በዓመት 876፣ በ30 ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ኪሎዋት ሰዓት ይጠፋል። የጠፋው ከውኃ የተገኘ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ ስለሚሸጥ፣ የተረፈው ኃይል እዚያ ነዳጅ የሚያነድ ማመንጫን ሊያሳርፍ ይችላል። የፌዴራል ግዥ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 649/2001ም ሆነ እርሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016፣ የሚፈልገው ለወጣው ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ማግኘትን ነው። ስለዚህ የመነሻ ዋጋን ብቻ አይቶ አሸናፊ መለየት የሕጉን መንፈስ ማጥበብ ይሆናል።

ብልሽት ሲፈጠር ኃይል በሚያቋርጡት ሰርኪዩት ብሬከሮች ውስጥ የሚሞላው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ጋዝ በኪሎ ግራም ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 23,500 እጥፍ ያህል ሙቀት አማቂ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 24 ኪሎ ቮልት በሚሠሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ላይ አግዶታል።

ከውጭ የሚገባው ዕቃ በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ በናፍጣ መኪና ይጫናል፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው።