መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ምንድን ነው?

ባለፈው ወር አንድ ወጣት በመሐረብ የጠቀለለውን ሰንጢ ይዞ ወደ ወርክሾፔ መጣ። ለንግድ ወደ ቻይናዋ ጓንግዡ የሚመላለስ አጎቱ ያመጣለት ነው። እጀታው አንድ ወጥ እንጨት ነው፤ ብረቱ አጭርና ሰፊ ሆኖ ከማጠፊያው ምስማር ኋላ እንደ አይጥ ጭራ የወጣች ቀጭን ብረት አለችው። «ጋሼ፣ መቆለፊያው ወልቆ የጠፋ ይመስለኛል፤ አዲስ ይግጠሙልኝ» አለኝ። እንዳልወለቀ፣ ሲሠራም እንዳልነበረው ነገርኩት። አላመነኝም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ጽሑፍ አስነበበኝ። ጽሑፉ የቻይና ባህላዊ ታጣፊ ቢላ መቆለፊያ ያልተገኘለት፣ ያላለቀ ሥራ እንደሆነና የአሜሪካ ቢላ ሠሪዎች መጥተው እንደጨረሱት ይተርካል።

ይህንኑ አባባል በተለያየ ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። በዚህኛው ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

ሰንጢ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው ከተዘረጋ በኋላ ምን እንደተዘረጋ ያቆየዋል ነው። ከጀርባው ሞላ ተገጥሞለት በሞላው ጫና የሚቆም አለ። እስኪለቁት ድረስ ንቅንቅ የማይል መቆለፊያ ያለውም አለ። ሁለቱም የሌሉት ደግሞ በፍትጊያ የሚሠራው ነው፤ ፊዚክስ የተማረ ሰበቃ ይለዋል። በዚህኛው ሰንጢ ብረቱን የሚይዙት የምስማሩ ጥብቀትና የሚቆርጠው ሰው እጅ ናቸው። ወጣቱ ያመጣው የዚህ ዓይነቱን ነው።

ጸሐፊው «እጅ ላይ ይታጠፋል» ብሎ አስፈራርቷል። ቢላ ይዞ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ይፍረደኝ። ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ሲቆርጥ፣ የሚቆረጠው ነገር ብረቱን የሚገፋው ወደ ላይ ነው፤ ይኸውም ወደ መዘርጋት እንጂ ወደ መታጠፍ አይደለም። ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ ያቺ ጭራ በእጀታው ጀርባ ላይ ተኝታ ከዚህ አታልፍም ትለዋለች። ብረቱ ወደ ጣት እንዲታጠፍ ጭራዋ ከእጀታው ጀርባ መነሳት አለባት፤ በላይዋ ላይ መዳፍ ወይም አውራ ጣት ተጭኗል። እንግዲህ ቢላውን የጨበጠው ሰው ራሱ ቆልፎታል ማለት ነው። ሰንጢው በእጅ ላይ የሚታጠፈው በጫፉ ሲወጉበት፣ በደንደሱ ሲመቱበት ወይም የተቀረቀረ ብረት ለማላቀቅ ሲታገሉበት ነው። ለዚያ ሥራ ታጣፊ ቢላ ማንሳት ከጅምሩም ስህተት ነው።

በበቅሎ ላስረዳ። በቅሎ ከካስማ ስትታሰር ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የሚያውቃት ሰው ኮርቻዋ ላይ ተቀምጦ ልጓሟን ሲይዝም ቀጥ ብላ ትቆማለች። መቆለፊያው ካስማ ነው፤ ጭራዋ ልጓም ናት። ባለ ሞላው ሰንጢ ደግሞ ቁም ሲሏት የምትቆም፣ ነገር ግን ጅብ ከሸተታት የምትፈረጥጥ በቅሎ ነው። ልጓም የያዘን ሰው «በቅሎህ አልታሰረችም» ብሎ የሚገስጽ ምን ይባላል? ከካስማ ጋር ታስራ የምትጋለብ በቅሎስ ማን አይቷል? በቅሎዋ እንደደከማት አውቃለሁ፤ ገና አላወርዳትም።

ወደ ቻይና እንሂድ፤ የተነቀፈው የእነርሱ ሥራ ነውና። ከሰሜን ምሥራቅ የመጡት ማንቹዎች ቻይናን ከያዙ በኋላ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1645 ወንዶች ሁሉ የፊት ጠጉራቸውን ተላጭተው የኋላውን እንዲጎነጉኑ ታዘዙ። እምቢ ያለ በአንገቱ ይከፍል ነበር። ከ1911ዱ አብዮት በኋላ ሥርዓቱ እስኪቀር ድረስ የላጩ ሥራ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። ዘዋሪው ላጭ በትከሻው ሸክም ተሸክሞ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ በአንዱ ጫፍ ውሃ የሚሞቅበት ምድጃ፣ በሌላው ጫፍ መሳቢያ ያለው መቀመጫ ይንጠለጠላል። እስከ ዛሬ አንዱ ወገን ብቻ ሲያፈቅር «የላጭ ሸክም፣ በአንድ ወገን ሙቅ» የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። በመሳቢያው ውስጥ ያለው ምላጭ ታጣፊ ነው። ብረቱ አጭር፣ ሰፊ፣ ደንደሱ ወፍራም ሲሆን እጀታው የተሰነጠቀ እንጨት ነው። ሞላ የለውም፤ መቆለፊያ የለውም።

ይህን መሣሪያ ያላለቀ የሚል ሰው ላጭ ምላጭ እንዴት እንደሚይዝ ልብ አላለም። ጣቶቹ የሚያርፉት እጀታው ላይ ብቻ ሳይሆን በብረቱ አንገት ላይ፣ ከማጠፊያው ወዲህና ወዲያ ነው። የእጀታውንና የብረቱን ማዕዘን ከጆሮ ኋላ ሲደርስ ይለውጠዋል፤ ከአገጭ ሥር ሲገባ እንደገና ይለውጠዋል። ቢቆለፍ ኖሮ አይሠራም ነበር። (ምላጭ የምትስሉ ሰዎች፣ እግረ መንገዴን፦ ደንደሱንም ስለቱንም አንድ ላይ በድንጋዩ ላይ አስተኙ። ማዕዘኑን የሚወስነው የደንደሱ ውፍረት ነው። እንደ ወጥ ቤት ቢላ አንስታችሁ ከሳላችሁት አበላሻችሁት።)

ቻይናን የሚያደንቁ ወገኖችም እዚህ ላይ ደስ እንዳይላቸው። ይህን ሰንጢ ቻይና ብቻዋን አልፈጠረችውም። ሮማውያን ታጣፊ ቢላ ነበራቸው። በጃፓን ሚኪ ከተማ ከ1890ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው ሂጎኖካሚ የታጠፈ ቆርቆሮ እጀታ አለው፤ ጭራዋንም «ቺኪሪ» ይሏታል፤ አውራ ጣት የሚጫነው እርሷን ነው። በፈረንሳይ ሳቮዋ በ1890 የተጀመረው ኦፒኔል ዛሬ የሚታወቅበትን የሚዞር መቆለፊያ ቀለበት ያገኘው በ1955 ነው። ለ65 ዓመታት ገበሬው ያለ ቀለበት ዳቦና አይብ ቆርጦበታል፤ ያላለቀ ነው ብሎ የመለሰው የለም።

መቆለፊያን አልጠላም፤ እኔም እሠራለሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ማይክል ዎከር በእጀታው ውስጥ ያለው ስስ ብረት ራሱ ታጥፎ የቢላውን መቀመጫ ከኋላ እንዲደግፍ አድርጎ ያሻሻለው ሥራ ግሩም ነው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ሪቭ የእጀታውን ግድግዳ ራሱን መቆለፊያ አደረገው፤ ቢላውንም በዙሉ ቋንቋ «ሴቤንዛ»፣ ማለትም «ሥራ»፣ ብሎ ሰየመው። ነገር ግን ከብረቱ ኋላ ገብቶ የሚቆልፈው የቲታኒየም ክንድ ከብረቱ ይልቅ ለስላሳ ነው። የሚገናኙበት ገጽ 7 ወይም 8 ዲግሪ ያህል ዘመም ብሎ ይሞረዳል፤ ዘመምታው ሲበዛ ይንሸራተታል፣ ሲያንስ ይጣበቃል። ለመዝናናት ብሎ ሃምሳ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያደረገ የሚከፍተው ሰው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይበላዋል፤ ክንዱም ወደ ማዶ ግድግዳ እየተጠጋ ይሄዳል። በቅሎዋን ይኸው መለስኳት፦ በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። መቆለፊያው ያረጀበት ሰንጢ ከሌለው የባሰ አደገኛ ነው፤ ሰውየው ታስሯል ብሎ ስለሚያምን።

ታዲያ የድሮው ሰንጢ በዛሬዎቹ ቢላ ሠሪዎች ላይ ያሳደረው ነገር ምንድን ነው? ጸሐፊው ቅርጹን ብቻ አየ፤ አጭርና ሰፊ ብረት ያየበት ሁሉ «ቻይናዊ ነው» አለ። ቅርጽ የማንም ነው። ከቀደመው ሥራ የተወሰደው ጭራዋ ናት። አሁን በትእዛዝ የሚሠሩ ሰዎች ያቺኑ ጭራ እያሳመሩ፣ በአንድ ጣት ተጭኖ የሚከፍቱባት ከዚያም መዳፍ የሚያርፍባት አድርገው ይሠሯታል። ኒውዚላንድ ውስጥ ስቮርድ የሚባል ቢላ ሠሪ ቤት የጥንት አውሮፓ ገበሬዎችን ባለ ረጅም ጭራ ሰንጢ እስከ አሁን ይሸጣል። የቻይና ትልቁ ተጽዕኖ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያንግጂያንግ በምትባል ከተማ። የከተማዋ ሰዎች ሦስት ሀብት አለን ይላሉ፦ ትናንሽ ቢላ፣ የተብላላ ጥቁር ባቄላና ላከር የሚባል የሚያብረቀርቅ ቅብ የተቀባ ዕቃ። አሜሪካ ያለ ቢላ ሠሪ በዓመት ጥቂት በእጁ ይሠራና ንድፉን ወደዚያ ይልካል፤ ፋብሪካው ያንኑ ንድፍ የሰው እጅ በማይደርስበት ልክ አመሳስሎ በብዛት ያወጣል። ይህን ጥራት ካዩ በኋላ በእጅ የሚሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ሥራ ልክ ለማጥበቅ ተገደዋል። የቻይና ፋብሪካዎች ኮርጀዋል የሚለው ወቀሳ በአንዳንዱ ላይ እውነት ነው፤ በሁሉም ላይ ግን አይደለም።

ስለ ሕግ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ በሙያዬ ሰው የሚጎዳበት እርሱ ነውና። በእንግሊዝና በዌልስ የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ያልበለጠ ታጣፊ የኪስ ቢላ ያለ ምክንያት መያዝ ይቻላል። መቆለፊያ ከተገጠመለት ግን ፍርድ ቤቶቹ ታጣፊ የኪስ ቢላ ነው ብለው አይቀበሉትም፤ በቂ ምክንያት ይጠየቅበታል። ጸሐፊው መሻሻል ያለው ነገር ለንደን ጎዳና ላይ ያስከስሳል። በየአገሩ የተለያየ ስለሆነ የምትኖሩበትን ጠይቁ።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ሰንጢው እውነትም ላልቷል። በእርጥብ አገር የተሠራ እንጨት በእኛ በጋ ይደርቅና ይሸበሸባል፤ እርሱም ማጠፊያው ላልቶበት ሳያስበው ዘይት ጨምሮበት ነበር። በፍትጊያ ለሚሠራ ነገር ዘይት ማጠጣት ፍሬን ላይ ግራሶ እንደመቀባት ነው። በነጭ ጋዝ አጠብኩለት፣ አደረቅኩት። ከዚያም የምስማሩን አንድ ራስ ሞርሳ ላይ አስደግፌ ሌላውን በትንሽ መዶሻ ሁለት ጊዜ፣ ጥቂት ቆይቼ ሦስተኛ መታሁት። አራተኛ ብጨምርበት ኖሮ እንጨቱ ይሰነጠቅ ነበር። ብረቱን በግማሽ ዘርግቼ ወደ ታች ዘቀዘቅኩት፤ ባለበት ቆመ። ሰጠሁት፤ አውራ ጣቱን በጭራዋ ላይ አሳርፎ ከጠረጴዛው ላይ ካርቶን አንስቶ ቆረጠበት።

«መቆለፊያውስ?» አለኝ።

አውራ ጣቱን አሳየሁት።

ሃምሳ ብር ከፍሎኝ ሄደ፤ ብዙም ያመነኝ አይመስልም።