«ምስጢር» የሚል ምልክት ኢሜይል አይቆልፍም

ደብረ ማርቆስ ነው የምሠራው፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ኢሜይል ሳስተካክል እውላለሁ። ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም በገባሁበት ቢሮ ሁሉ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ጸሐፊዬ ኢሜይሌን ትከፍታለች፤ የምስጢሩን ግን አታየውም፣ ምልክት አለበት።» እውነቴን ነው፣ ሰለቸኝ።

«ፕራይቬት የተባለውን ማንም አያየውም»

ያያል። አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ላይ «ኮንፊደንሻል» (ምስጢር) የሚለው ምልክት ማሳሰቢያ ብቻ ነው። ፖስታ ላይ «ምስጢር» ብሎ ማኅተም መምታት ማለት ነው፤ ፖስታውን አያሽገውም። «ፕራይቬት» (የግል) ትንሽ ይሻላል፤ ውክልና የሰጣችሁት፣ ማለትም በራሱ ፓስወርድ ገብቶ የእናንተን ኢሜይል እንዲከፍት የፈቀዳችሁለት ሰው የግል መልእክቶችን እንዲያይ ካልፈቀዳችሁለት አውትሉክ ይደብቅበታል። ግን ፎልደሩን የማንበብ ፈቃድ እስካለው ድረስ በሌላ የኢሜይል መተግበሪያ ሊያየው ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱ በዚህ ምልክት አትተማመኑ ይላል።

አምና አንድ ኃላፊ ጠሩኝ። ከበላይ ቢሮ «ፕራይቬት» ተብሎ የዝውውር ዝርዝር ተልኮላቸው ነበር። ጸሐፊያቸው እንደ ልማዷ ጠዋት የገባውን ሁሉ አትማ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ዝርዝሩ ከላይ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ የራሷ ስም አለ። «ልጄ፣ አነበብሽው እንዴ?» ሲሏት «ሥራዬ አይደል ጋሼ?» አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። የምትከፍተው በእሳቸው ፓስወርድ ነበርና ምልክቱ ምን ያግዳታል? እሳቸው ግን እሷን ሊቀጡ አስበው ነበር። ምን አጠፋች? ክፈቺ የተባለችውን ከፈተች።

«ፓስወርድ መስጠትና ውክልና መስጠት ያው ነው»

አይደለም። ፓስወርዱን የያዘ ሰው እናንተን ሆኖ ነው የሚገባው፤ ከፈለገ ቀይሮ እናንተኑ ያስወጣችኋል። ውክልና በስም የሚሰጥና በስም የሚነሳ ነው።

«ፓስወርድ ከቀየርኩ አበቃ»

ጂሜይል ላይ ውክልና የሰጣችሁት ሰው ሴቲንግ ገብታችሁ እስክታነሱት ድረስ ይቆያል።

«ካጠፋሁት ጠፋ»

ጂሜይል ላይ ያጠፋችሁት መልእክት ትራሽ (ቆሻሻ መጣያው) ውስጥ 30 ቀን ይቀመጣል።

«ለብቻው ፎልደር አድርጌዋለሁ»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጂሜይል ላይ ሌብል መለያ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ውክልና ያለው ሰው ሳጥኑን በሙሉ ያያል። አውትሉክ ላይ ግን ይቻላል። ለጸሐፊያችሁ ኢንቦክሱን ብቻ አጋሩ። የምስጢሩን ፎልደር ኢንቦክስ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ክፈቱ፤ ውስጡ ከከፈታችሁት የኢንቦክሱን ፈቃድ ይወርሳልና ድካማችሁ ከንቱ ነው። ከዚያ ከሰው ኃይልና ከሕግ ክፍል የሚመጣው በቀጥታ እዚያ እንዲገባ ሩል (መልእክቱን በራሱ የሚለይ ትእዛዝ) ሥሩለት። የመሥሪያ ቤታችሁ አይቲ ግን ለጸሐፊዋ በሳጥኑ ላይ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቷት ከሆነ ይሄም አይሠራም፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። ከሁሉ የሚሻለው ሁለተኛ አድራሻ ነው፤ የዝውውሩ፣ የዲሲፕሊኑ፣ የሕክምናው ጉዳይ እዚያ ብቻ ይላክ።

«ጸሐፊዬ ታማኝ ናት፣ ምን አስጨነቀኝ?»

ታማኝ ስለሆነች ነው መጨነቅ ያለባችሁ። ወሬ ሲወጣ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት።

እኚያ ኃላፊ አሁን ሁለት አድራሻ አላቸው። ሁለተኛውን ራሳቸው ይከፍቱታል፣ ቀስ እያሉ በአንድ ጣት እየጻፉ። ባለፈው ወር ከዚያው ቢሮ ስለ ዕድገት ወሬ አፈትልኮ ነበር። ጸሐፊዋን የጠየቃት ሰው የለም።